ገመዱ ገና ውጭ ነው

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። የጨመርኩበት የለም።

ረፋድ አራት ሰዓት፤ ኸሽም ኤል ቂርባ፤ ከግድቡ በላይ ያለው ሐይቅ። ላይ ፀሐይ ነበር። እኛ ያለንበትን ግን የአትባራ ወንዝ ደለል አጨልሞታል...

በትንሿ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ሦስት ነን። ከፊት ክፍል ነጂው እስማኤል፤ ከኋላ ክፍል እኔና ጠላቂው ጋረደው። የእኛ ክፍል በር ወለሉ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ የታመቀው አየር ስለሚገፋው፣ በሩ ተከፍቶም ውኃው አይገባም።

ጋረደው የግድቡን መዝጊያ ሊያይ በዚያ በር ወረደ። ወገቡ ላይ የታሰረው ገመድ ጫፉ በእጄ ነው።

ሕጋችን አንድ ነው፤ ገመድ ውጭ እያለ ሞተር አይነሳም። የሚሽከረከረው ክንፍ ሰው ይቆራርጣል።

ገመዱን አንድ ጊዜ ስስብ "ደህና ነህ?" ማለቴ ነው። እሱም አንድ ጊዜ ስቦ ይመልሳል፤ ከዚያ ያርገበግበዋል። መተማ ሳለ ሰሊጥ ሲያስር የነዶውን ጥብቀት የሚፈትንበት አመል ነው። እስማኤል "ባሕሩም ነዶ መስሎታል" እያለ ይስቅበታል።

ብዙም ሳይቆይ ውኃው ተከፈለ... ጋረደው ወጣ።

ወገቡ ላይ ገመድ አልነበረም።

ጭንብሉን አወለቀ። ፊቱ የእሱ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

"ገመዱስ?"

"ተጠላለፈ፤ ፈታሁት። ቁረጠውና እንሂድ።"

ጋረደው ገመዱን ከሚፈታ ማተቡን ቢፈታ ይቀለዋል።

እጆቹን አየሁ። የጋረደውን የግራ አውራ ጣት ማጭድ በልቶታል፤ ጥፍር የለውም። የዚህኛው ጥፍር የሌለው... የቀኙ ነው።

ማየቴን ሲያውቅ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

የእስማኤል ድምፅ ከፊት ክፍል በመገናኛው ስልክ መጣ። "ኻላስ፣ ጨረሰ? ገባ? ሞተሩን ላስነሳ?"

"ገብቷል በለው" አለ አጠገቤ ያለው፣ በሹክሹክታ።

ገመዱን አንድ ጊዜ ሳብኩ።

...

አንድ ጊዜ ተሳበ። ከዚያም ተርገበገበ።

"እንዳታስነሳ፣ እስማኤል።"

"ለምን፣ ያ አኺ?"

"ገመዱ ገና ውጭ ነው።"

ከጎኔ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ነገር ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

ሦስት ጊዜ ሳብኩ፤ "ና" ማለት ነው። እየጠቀለልኩ ጎተትኩ... ከበደኝ...

እጅ ከውኃው ብቅ አለ። ግራ እጅ። አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም።

ያዝኩት። አጥብቆ ጨበጠኝ። እስከ ደረቱ አወጣሁት።

በጭንብሉ መስተዋት ውስጥ ዓይኖቹ እኔን አዩ፤ አረፉ። ከዚያ ትከሻዬን አልፈው ወደ አግዳሚው ሄዱ...



በሌላ እጁ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእጁ ማላቀቅ ጀመረ፤ ወደ ውኃው ሊመለስ።