የካርታው ሰማያዊ ብናኝ

ይህ ታሪክ እኔው ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ ሕልምም አይደለም።

መብራት አጥፍታችሁ ማንበብ አያስፈልጋችሁም። የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቢሮዬ ውስጥ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የቀዘቀዘ ሻይ ነበር። ከጎኔ የሒሳብ ሠራተኛዋ ብስኩት ትበላ ነበር።

ለሰሚው ግራ እንደሚሆን አውቃለሁ። ብቻ እንዳለ ልንገራችሁ...

የምሠራው ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ነው። የሰው ዕቃ በመርከብ ይመጣል፣ እኛ ወረቀቱን እንጨርሳለን። አለቃችን፣ እኔ ጸሐፊዋ እና የሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ነን። እሷን "ሬዲዮ" ነው የምንላት። ጠዋት ስትገባ ትከፈታለች፣ ማታ ስትወጣ ትዘጋለች።

ታናሽ ወንድሜም የመርከብ ሰው ነበር። የሞተር መካኒክ።

"ነበር" ልበል ወይስ "ነው"... ያኔ ችግሬ ይኸው ነበር።

መርከቡ መሀል ባሕር ላይ ድምፁ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። ፈልገን አጣን፣ ፍለጋውንም አቁመናል ብለው ደወሉልን። እናቴ ግን መርዶውን አልቀበልም አለች።

"እነሱ ትንሹን የት ያውቁታል?" አለችኝ። ትንሹ የምትለው እሱን ነው፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚለውን ሰውዬ። "ቁርጡን የምሰማው ካንቺ አፍ ነው። አንቺ ሞቷል ያልሽኝ ቀን አለቅሳለሁ።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሱ አልጋ ላይ ተቀምጣ ትደውልልኛለች።

"እህስ?" ትለኛለች።

"እስካሁን ምንም የለም" እላታለሁ።

በቃ። ሌላ ወሬ የለንም።

እኔም አላለቀስኩም። አልዋሻችሁም፣ ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሐኪም ጋ ማደንዘዣ የተወጋ ድድ ታውቃላችሁ አይደል? ቢነኩት የሌላ ሰው የሚመስል... ውስጤ እንደዚያ ነበር። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ።

አንድ ቀን አለቃችን ከአንድ ትልቅ ድርጅት ስብሰባ ተመለሰ። እዚያ ግድግዳቸው ላይ የዓለም ካርታ አይቶ ቀንቷል።

"ግድግዳውን የሚሞላ ካርታ ፈልጊልኝ" አለኝ። "ደንበኛ ሲገባ ዓለም በእጃችን ያለች ይምሰለው።"

"መጀመሪያ ፕሪንተሩ በእጃችን ይሁን" አለች ሬዲዮ ከኋላ።

እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። መጻሕፍት መደብሮች ያላቸው የተማሪ ካርታ ነው፣ ከጠረጴዛ የማያልፍ። አንዱ የሕፃናት ካርታ ዘርግቶ አሳየኝ፣ ዝሆንና ዓሣ ነባሪ የተሳለበት። ለቢሮ አይሆንም ስለው "ዓለም ያው ዓለም ነው" ብሎ ተቆጣኝ።

በመጨረሻ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ከተዘጋ ቢሮ የመጣ ነው አለኝ። ለሁለት ይዘን መሬት ላይ ዘረጋነው። ቁመቱ ከኔ ይበልጣል።

አሮጌ የግድግዳ ካርታ አይታችሁ ከሆነ፣ ሁሉም አንድ የተላጠ ቦታ አለው። ካርታው የተሰቀለበት አገር ነው። የገባ የወጣው ሁሉ "እኛ እዚህ ነን" እያለ በጣቱ ስለሚነካው ቀለሙ ያልቃል።

ይሄኛውም የተላጠ ቦታ ነበረው።

ግን እኛ ያለንበት ንጹሕ ነው። የተላጠው ባሕሩ ነው። መሬት የሌለበት፣ ደሴት እንኳ የሌለበት፣ መሀል ሰማያዊው ላይ... አውራ ጣት የምታህል ነጭ ቦታ።

የትኛው ባሕር እንደሆነ አልነግራችሁም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

"እዚህ ጋ ሲነካ የኖረው ማነው?" አልኩት ሻጩን።

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱን ቅጭም አደረገ።

"እኔ እንጃ... ስገዛው እንዲህ አልሰፋችም ነበር።"

ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎት ይሄድ ነበር። እኔን አለቃዬ ካርታ ብሎኛል፣ ካርታ አገኘሁ። ጠቅልዬ ወሰድኩት።

ከጠረጴዛዬ ጎን ያለው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ስቀመጥ ነጯ ቦታ ከጆሮዬ ትይዩ ሆነች።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ብናኝ አገኘሁ። ደቃቅ፣ ሰማያዊ። በጨርቅ ጠረግኩት።

በነጋታውም ነበር። ጠረግኩት።

"አይጥ ገብቷል" አለች ሬዲዮ አንድ ቀን፣ ብስኩቷን ወደ መሳቢያ እየከተተች። "ስሚ... ከግድግዳው ነው።"

ሰማሁ።

ሽር... ሽር... ሽር...

አይጥ አይደለም። አይጥ ይቸኩላል። ይሄ አይቸኩልም።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ትንሹ ልጅ ሆኖ፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቱ ይፍቅ ነበር። አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ... ከዚያ ቀስ... ከዚያ ዝም። ዝም ሲል ተኝቷል ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቀርታለች። በኋላ ቀለም ቀቢው ሊደፍናት ሲል እናቴ እጁን ያዘችው።

"አዎ፣ አይጥ ነው" አልኳት ሬዲዮን።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። መፍራት እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ግን ፍርሃቱም አልመጣልኝም። ብናኙን ጠረግኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አለቃችን ነጯን ቦታ ያየ ቀን ጮኸብን።

"ካርታዬን የሚፍቀው ማነው?"

ሰፊ ፕላስተር አምጥቶ ለጠፈባት። በመዳፉ ደጋግሞ ዳመጠው። ቅንጣት አየር እንኳ አልቀረበትም።

ጠዋት ስንገባ ፕላስተሩ እንደተለጠፈ ነበር። ግን አብጧል። ወደ እኛ...

ሬዲዮ አየችው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም።

በዚያው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

ዛሬ "እህስ?" አላለችም።

"ደከመኝ" አለችኝ። "ልጄ፣ ደከመኝ። ቁርጡን ንገሪኝ። ልጠብቀው ወይስ ላልቅስለት?"

"እማዬ..."

"አንቺ ያልሽውን አምናለሁ።"

አንድ ቃል ነው። ብናገር የገደልኩት እኔ ነኝ። ዝም ብል እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታልቃለች።

አፌን ከፈትኩ።

"እማዬ፣ ትንሹ..."

ሽር... ሽር... ሽር...

ዓይኔ እያየ ፕላስተሩ ተንቀሳቀሰ። ከሥሩ የሆነ ነገር ክብ እየሠራ ይገፋዋል። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል።

ስልኩ ውስጥ የእናቴ ትንፋሽ ቀጥ አለ።

"እማዬ?"

"ሽሽ..." በሹክሹክታ ነው። "ይሰማሻል?"

"ይሰማኛል። እዚህ ነው... ካርታው ላይ..."

"እዚህ ነው እንጂ" አለች። "አልጋው ጋ። አጠገቤ።"

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ከግድግዳው ይሰማል።

መለስኩት። ከስልኩም ይሰማል። እኩል፣ አንድ ላይ።

"እማዬ፣ ተነሺ ከዚያ።"

"ዝም በይ!" አለችኝ። "አትቀስቅሺው... ሊተኛ ነው።"

ሬዲዮ ብስኩቱን አፏ ጋ እንዳደረሰች ቀርታለች።

ሽር... ሽር...

ሽር...

ጠበቅን።

ሽር...

ከዚያ የለም። ብዙ ጠበቅን። የለም።

"ተኛ" አለች እናቴ።

ከዚያ አለቀሰች። እኔ ሳልነግራት። ለወራት ይዛው የኖረችውን ሁሉ ለቀቀችው። ስልኩን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፕላስተሩን ላጥኩት።

ያን ያህል ሲፋቅ ውሎ ከሥሩ ብናኝ ይኖራል ብዬ ነበር። አንዲት ቅንጣት የለም። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ካርታውን አውርጄ ግድግዳውን ዳሰስኩት። ደህና ነው፣ ጭረት የለበትም።

"ሂጂ" አለችኝ ሬዲዮ። ቦርሳዬን አቀበለችኝ። "እናትሽ ጋ ሂጂ።"

ሄድኩ።

እናቴ አልጋው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ልቅሶዋ ወጥቶላታል። ዞር ሳትል በአገጯ ግድግዳውን አሳየችኝ።

ጎድጓዳዋ አፍ እስከ ገደፏ ሞልታለች።

ሰማያዊ ብናኝ ነው። እርጥብ።

ልማድ ሆኖብኝ ልጠርገው እጄን ሰደድኩ። እናቴ እጄን ያዘችኝ። ያኔ ማደንዘዣው ለቀቀኝ፤ እንዴት እንደሚያም ልነግራችሁ አልችልም። እጄን እንደያዘችኝ እስኪመሽ አለቀስኩ።

ያቺን ጎድጓዳ እስካሁን ማንም አልነካትም። መስኮቱን ከፍተን እናውላለን፣ ፀሐይ ቀጥታ ያርፍባታል።

ብናኙ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልደረቀም።