ረጃጅሞቹ ብሎኖች

ሐኪሟ ይሏታል እንጂ ሰው አክማ አታውቅም። ከጋራዡ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የታፈነ ራዲዮ፣ የማይግል ካውያ፣ ክር የሚበጥስ የስፌት ማሽን ትጠግናለች፤ ባለቤቱ ሲመጣ «ድኗል» እያለች ስለምትመልስ ስሙ እዚያው ቀረባት። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ጭጭ የሚሉት ወጣት መካኒክ አለ። ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል ከተናገረ ያ ቀን ለእሱ የወሬ ቀን ነው።

ያገናኛቸው ማራገቢያ ነበር። ጭጭ የጋራዡን ማራገቢያ ፈትቶ አቧራውን ካራገፈ በኋላ መልሶ ሲገጥመው ክንፉ የፊቱን ሽቦ እየፋቀ አልዞርም አለ። ተሸክሞት መጣ። እሷ ክንፉን አንዴ በጣቷ አዙራ አዳመጠችና ማራገቢያውን ትታ እሱን ማየት ጀመረች።

«ኪስህ ውስጥ ምን አለ?»

እንደ ተያዘ ሌባ ደንግጦ ኪሱን ዳበሰና የጣት ቀለበት የምታህል የፕላስቲክ ስፔሰር አወጣ። «ትርፍ መስላኝ ነው» አለ።

«ማሽን ውስጥ ትርፍ የለም። ይቺ መሃል ገብታ ነው ክንፉና ሽቦው ሳይነካኩ የሚኖሩት።»

መኪና የሚፈታ ሰው በማራገቢያ መረታቱ ሊያናድደው ይገባ ነበር። እሱ ግን በማግሥቱ ምንም ያልሆነ ራዲዮ ይዞ ተመለሰ። እሷም ከፈተችው፣ ምንም እንዳልሆነ አየች፣ ከዚያ ሦስት ቀን ይፈጃል አለችው። እንዲህ እንዲህ እያለ ራዲዮው አምስት ጊዜ ታመመ። በስድስተኛው ጭጭ ራዲዮውን ቤቱ ትቶ ባዶ እጁን መጣ፤ እሷም ወንበር ሳበችለት።

መንፈቅ ሳይሞላ ቃል ተገባቡ። በመጪው እሁድ አባቷ ፊት ቀርቦ ሊጠይቃት ቀን ቆረጡ።

አባቷ ታክሲ ነጂ ነው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ያሉት ልጁና መኪናው ናቸው፤ የትኛዋን እንደሚያስበልጥ ልጁ እንኳ ለመጠየቅ አትደፍርም። መኪናዋ ደልደል ብላ እንድትታይለት ብሎ ከአራቱም ጎማዎች ኋላ ወፍራም የብረት ስፔሰር አስገብቶ ነበር። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ወጡ፣ የእሱም ደረት አብሮ ወጣ። ዳሩ ግን ሸክሙ ያለቦታው አርፎበት የጎማው ኩሽኔት ማልቀስ ጀመረ። ጭጭ ስፔሰሮቹን አወጣለት፣ የተበላውን ኩሽኔት ቀየረ፣ ጎማዎቹንም በአጫጭር ብሎኖች አሰረ። ስፔሰር በሌለበት ረጅም ብሎን ዘልቆ ፍሬኑ ውስጥ እንደሚገባ ነግሮ የድሮዎቹን እንዲጥላቸው ለመነው። አባት ግን የሚያብረቀርቅ ብሎን የሚጥል ሰው አይደለም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር አስቀመጣቸው።

እሁድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታክሲዋ ሰው ሞልታ ቁልቁለቱን ስትወርድ አንድ ጎማዋ ጮኾ ተቆለፈ። መኪናዋ ዞራ የእግረኛውን መንገድ ተጠግታ ቆመች። እግዜር ሲያተርፍ ማንም አልተጎዳም። አባቷ ግን መኪናዋን አስጎትቶ፣ ተሳፋሪዎቹን አስከትሎ ጋራዡ ሲደርስ ደሙ ፈልቶ ነበር። ከባለቤቱ እስከ ዘበኛው ሁሉም በተሰበሰበበት ይህ ልጅ ሊገድለኝ ነበር አለ፤ ልጄንም ከእንግዲህ በዓይኑ እንዳያያት ሲል ጨመረ። ጭጭ ጎማውን ፈታ። ያወጣቸውን ብሎኖች አየት አድርጎ ኪሱ ከተተና «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ሰው ሁሉ ጥፋቱን እንዳመነ ቆጠረው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የጭጭ ዝምታ ግን ያን ዕለት የሁለት ሰው ልብ ሲበላ አደረ።

በማግሥቱ ሐኪሟ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ጋራዡ ገባች። ትናንት አንድ ነገር ሲከትበት ከሱቋ አይታ ነበርና ኪሱን ባዶ እንዲያደርግ አዘዘችው። አራት ረጃጅም ብሎኖች መዳፏ ላይ አስቀመጠ፤ ጫፋቸው ተፍቆ ነጥቷል። ወዲያው አወቀቻቸው። አባቷ በየሳምንቱ ሲወለውላቸው ስታይ የከረመቻቸው ናቸው።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ተሳፋሪዎቹ ቆመው ነበር። እሳቸው ናቸው ያሰሩት ብል፣ ነገ ማን ይሳፈርላቸዋል?»

«ላንተስ የሚጠገን መኪና ማን ይሰጥሃል?»

«እኔ ገና ወጣት ነኝ። ስሜን መልሼ እሠራዋለሁ።»

«እኔንስ መልሰህ ትሠራኛለህ?» አለችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ላባቴ ክብር ብለህ እኔን አሳልፈህ ሰጠኸኝ። ባልወድህ ኖሮ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ አልፍህ ነበር።»

ብዙ አያትና ዓይኑን ሰበረ።

አመሻሹ ላይ አባቷ እራት ሊበላ ተቀምጦ ሳለ አራቱን ብሎኖች ከሳህኑ አጠገብ ደረደረች፤ አንድ አጭር ብሎንም ጨመረችባቸው። ማብራሪያ አላስፈለገውም። ረቡዕ ዕለት ጎማ ተንፍሶበት ራሱ እንደቀየረ፣ አጫጭሮቹ ብሎኖች ለዓይኑ አልሞላ ስላሉት ረጃጅሞቹን እንዳሰረ ቀስ እያለ ተናገረ።

«ጎማው ሲጮህ ወዲያው ገብቶኛል» አለ። «ያን ሁሉ ሰው ሳይ ፈራሁ።»

«እሱም ገብቶታል። አንተን ሊያተርፍ ነው ዝም ያለው። አባዬ፣ እኔ ይህን ሰው አገባዋለሁ። ብትመርቀኝ ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ ግን ስሙን መልስለት።»

«በሰው ፊት?»

«የወሰድክበት በሰው ፊት ነው።»

አባት ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ።

ቅዳሜ ጠዋት በእግሩ ወጣ። መጀመሪያ ታክሲ ተራው ሄዶ ላገኛቸው ሁሉ የሆነውን ነገራቸው፤ ያን ዕለት ተሳፍረው ከነበሩት ሦስቱ ነገሩን እስከ መጨረሻው ለማየት ተከተሉት። ጋራዡ መሃል ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጎማውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ እንዳላስር ነግሮኝ ነበር። እያወቅሁ ነው ያዋረድኩት።»

የሚቀጠቀጠው ብረት ሁሉ ጸጥ አለ። ጭጭ እጁን ጠርጎ ወደ ፊት መጣ። በሩ ላይ የቆመችውን ሐኪሟን አያት፤ እሷም ዓይኗን አልነቀለችም። በሰው ፊት መናገር ለእሱ ሞተር ከማንሳት ይከብዳል።

«ጋሼ፣ እሁድ ልመጣ ነበር፤ እስከ ነገም አልቆይም» አለ። «ልጅዎን እወዳታለሁ። ዝም ብዬ ላጣት ነበር። ከእንግዲህ በእሷ ነገር ዝም አልልም፤ ይስጡኝ።»

አባት የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው፤ ጎማዎቹን ራስህ እሰርና ራስህ ንዳት አለው። ያቺን ቁልፍ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ያየው የለም።

እስከ እኩለ ቀን ፍሬኑ ተስተካከለ፣ ጎማዎቹም ታሰሩ። ሐኪሟ ከፊት፣ ከጭጭ ጎን ተቀመጠች። ሦስቱ ተሳፋሪዎች ምንም ሳይጠይቁ ገቡ። አባት በገዛ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ተሳፈረ። ቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርሱ ጭጭ ቀስ ብሎ አቆመና በመስተዋቱ አየው።

አባት ከኋላ እጆቹን ሰዶ የሁለቱንም ትከሻ ያዘ።

«በሉ እንሂድ፣ ልጆቼ» አለ።