የተቆረጠው ቀኝ እጅ

ደራሲው ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ውስጥ፣ የወረቀት መቁረጫው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። አንገቱ ሦስት ቦታ ተወግቷል። ቀኝ እጁ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወድቋል። ደሙ ለጥረዛ የተደረደሩትን መጻሕፍት አርሷቸዋል።

መጻሕፍቱ የራሱ ናቸው፤ አምስተኛ እትም። የመጨረሻው ክፍል ጠርዙ ሳይቆረጥ ይጠረዛል። አንባቢ ገዳዩን ከገመተ በኋላ በቢላ ይከፍተዋል።

“ስምንተኛው ምዕራፍ እኮ ነው ጌታዬ!” አለ ጠራዡ ለመርማሪው። “አንገት ሦስቴ፣ ከዚያ እጅ። አንዱ አንባቢ አብዶ ነው።”

“አንተ አንብበኸዋል?”

“ሚስቴ ናት። እየጮኸች ታነባለች። ተይው ስላት እኔኑ ትቆጣለች።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ግን ይጠይቋቸው። ትናንት ከሟቹ ጋር ተናንቀው ነበር።”

ባለቤቱ ላብ አጠመቀው።

“ተጣላን እንጂ! የምትታለብ ላሜን አርጄ ምን ልበላ?”

መርማሪው አንድ ቅጂ ይዞ የማተሚያ ቤቱ ተየቢ በምትሠራበት ክፍል ተቀመጠ። ለሥራ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን ምሳውን ረስቶ የመጨረሻውን ክፍል በቢላ ይከፍት ነበር።

ከዚያ ወደ ስምንተኛው ምዕራፍ ተመለሰ።

መጽሐፉ ውስጥ የተቆረጠው ግራ እጅ ነው።

አንባቢ ቢሆን ግራውን በቆረጠ። አንገቷን ሦስቴ ተወግታ ቀኝ እጇ የተቆረጠ አንዲት ልጅ ግን ነበረች፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት። ገዳዩ አልተገኘም። መዝገቡን የዘጋው መርማሪው ራሱ ነው። የቀኝ እጇን ነገር ከፖሊስ ሌላ የምታውቀው ሬሳውን የተረከበች እህቷ ብቻ ነበረች።

ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ተየቢ አያት። ፊቷን አሁን አወቀው፤ ያቺ እህት ናት።

“አንቺ ነሽ።”

“ዘገዩ እኮ” አለች።

“ለምን?”

“የእህቴን አሟሟት እንደ ወንድም አይቼ ነግሬው ጻፈው። ተው ስለው፣ ‘ግራ አድርጌዋለሁ፤ ማንም አያውቃትም’ አለኝ። ዝም አልኩ። ትናንት ‘ሁለተኛውን መጽሐፍ ልጀምር ነው፤ ስትሞት ያልነገርሽኝ ነገር አለ?’ አለኝ። የጠራዡ ቢላ አጠገቤ ነበር። እጁን በማሽኑ ቆረጥኩት።”

መርማሪው ካቴናውን አወጣ። አልቸኮለም።

“የመጨረሻውን ክፍል ከፈቱት?” አለች።

“ከፈትኩት።”

“ወደዱት?”

“አዎ” አለ።

“ሁሉም ይወዱታል። መጨረሻው ላይ ገዳዩ ይያዛላ።” እጆቿን ዘረጋችለት። “የእህቴን መዝገብስ መቼ ይከፍቱታል?”