የደበርጃን አበባ

«የደበርጃኑን አበባ ዘንድሮ ማን ያመጣል?» አሉ መምህርት ራትሪ፣ የሙዝ ቅጠሉን ለተማሪዎቹ እያከፋፈሉ።

«ሱዳ ብቻ አትሁን» አለ ቶን ከኋላ። «እሷን ከጠበቅን ትሪው ባዶውን ነው የሚሄደው።»

ክፍሉ ሳቀ። ሱዳ ቀና ሳትል ቅጠሏን ማጠፍ ቀጠለች። ካንያም እንደ ሌላው ፈገግ ልትል ሞከረችና አቃታት። ቅጠሉን በምታያይዝበት ስፒል ጣቷን ወጋች።

ነገ መምህራን የሚከበሩበት ሐሙስ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በሙዝ ቅጠልና በአበባ ያስጌጠውን ትሪ ይዞ መምህራኑ ፊት ይንበረከካል። ከአበቦቹ መሀል የደበርጃን አበባ አይቀርም፤ አንገቱን ደፍቶ ስለሚያብብ የትሑት ተማሪ ምልክት ነው።

ያለፉት ዓመታት ትሪዎች ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ የሠሩት ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነው፤ አበባውም ጠውልጓል። ካንያና ሱዳ ግን ግራና ቀኝ ይዘውት ይስቃሉ። የስምንተኛ ክፍሉ እንከን አይወጣለትም፤ አንደኛ የወጣውም እሱ ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ግን ካንያ ብቻ ናት።

አምና ያን ትሪ ሲሠሩ ሱዳ ከጓሯቸው የተለቀመ የደበርጃን አበባ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ትሪው ላይ ሰክታው ነበር። አንገቱን መድፋቱ ካንያን አስጠላት፤ የጠወለገ መሰላት። ሱዳ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ነቅላ ጣለችውና ከገበያ የገዛችውን ኦርኪድ ተካችበት። መምህርቷ «የደበርጃኑስ?» ሲሉ አፏ ቀደማት። «ሱዳ ረስታው ነው።» ሱዳ በሩ ላይ ቆማ ሰማች፤ ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ ከካንያ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

ካንያ ዓመቱን ሙሉ ስትጸጸት ከረመች። ይቅርታ ልትጠይቅ ስንቴ ተነስታ ስንቴ ተቀምጣለች። ትናንት በምሳ ሰዓት እንኳ አጠገቧ ደርሳ ያወራችው ስለ ሒሳብ ፈተና ሆነ።

«እንግዲያው ቶን፣ አንተው አምጣ» አሉ መምህርቷ።

«ቲቸር» አለች ካንያ። ቅጠሏን አስቀምጣ ተነሳች። «አምና ሱዳ አልረሳችም። አምጥታ ነበር። ነቅዬ የጣልኩት እኔ ነኝ።»

መምህርቷ ካንያን ትክ ብለው ካዩ በኋላ ወደ ሱዳ ዞሩ።

«ታዲያ አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኋት» አለች ሱዳ። «ከዚያ መጠበቁን ተውኩት።»

ካንያ ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

ደወሉ ሲደወል ሱዳን ተከትላት ወጣች። «ለነገ አበባውን እኔ ከእናንተ ጓሮ ልለቅም?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የአምናውን አበባ የለቀመችልኝ እናቴ ናት። ፎቶው ላይ ስታጣው የት ሄደ ብላኝ ነበር።»

«ምን አልሻት?»

«ረሳሁት አልኳት።»

ሱዳ ብስክሌቷን እየገፋች በቀኝ በኩል ባለው መንገድ ሄደች። የካንያ ቤት በግራ ነው። ካንያ ግን ወደ ቀኝ ዞረች። ከዚያ የተወጋ ጣቷን በሌላው እጇ ይዛ፣ ራቅ ብላ፣ ወደ ሱዳ እናት ቤት ተከተለቻት።