የጀልባዋ እምብርት

ይህ ባለፈው ማክሰኞ የሆነ ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ እለፉት፤ ለማሳመን ጊዜ የለኝም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቻምብሊ፣ አትላንታ አጠገብ፣ የወንድሜ የሉቅማን የፍሬም ሱቅ። ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አርፋለች።

እኔ የቆዩ ወረቀቶችን አጸዳለሁ። እሱ አሉሚኒየም ቆርጦ ፍሬም ያደርግላቸዋል። እንጨት አንሠራም።

የዚያን ቀን ሥራችን አንድ የድሮ ሕትመት ነበር... የቡጊስ ጀልባ። ቡጊሶች የኢንዶኔዥያ ባሕረኞች ናቸው። ያበጡ ሸራዎች፣ ከታች ጥቁር ባሕር። በጀልባዋ ሆድ መሃል መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች።

ባለቤቱ ሚስተር ሩስላን፣ ራሳቸው ቡጊስ የሆኑ ሽማግሌ፣ ጠዋት ሲያስረክቡን አስጠንቅቀውን ነበር።

"ቀዳዳዋን እንዳትነኩ። እምብርቷ ናት። እኛ ጀልባ ሠርተን ስንጨርስ ሆዷን እንበሳለን፤ ያኔ መተንፈስ ትጀምራለች። በተበሳች ዕለት ወደ ባሕር ትወርዳለች።"

ሉቅማን ግን ቀዳዳ አይወድም።

ምሳ በልቼ ስመለስ ደፍኗታል። ስስ ወረቀት፣ የስንዴ ሙጫ፣ ከላይ ቀለም።

"ሰውዬው አትንኩ አላሉም?"

"ኢሉ፣ ቀዳዳ ያለው ሥራ ከዚህ ሱቅ አይወጣም። ሪላክስ አድርጊ፣ አያውቁም።"

"ሲያውቁ አንተ ታናግራቸዋለህ።"

ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ...

"ኤሲው ጠፋ እንዴ?"

አልጠፋም። ነፋሱ ፀጉሬን እያንቀሳቀሰው ነበር።

የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። በሩን ከፈተ። ተመልሶ ተቀመጠ።

"አየር የለም" አለ በሹክሹክታ።

ወደ ሕትመቱ ዞርኩ።

ሸራዎቹ ረግበዋል። ውሃው የጀልባዋን ጠርዝ ነክቷል።

ጠዋት እዚያ አልደረሰም ነበር።

የሉቅማን ከንፈር ጠቆረ። ሆዱን ይቧጥጣል። ሸሚዙን ገለጥኩት...

እምብርት የለውም።

ጠባሳ እንኳ የለም። ልሙጥ ቆዳ ብቻ።

911 ደወልኩ። "መንገድ ላይ ናቸው" አሉኝ። በዚህ ሰዓት፣ በቡፎርድ ሃይዌይ ትራፊክ መቼ ሊደርሱ!

የስንዴ ሙጫ በውሃ ይለቃል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። ብሩሽ ነክሬ ድፍኑን አራስኩት።

"ሉቅ፣ ትንሽ ታገሠኝ።"

የድፍኑን ጠርዝ በጥፍሬ ሞከርኩት።

"ወላሂ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።"

ጉሮሮው ውስጥ ውሃ ተንቦጫረቀ።

ድፍኑ አልለቅ አለ። መርፌ አንስቼ ወጋሁት።

ወንድሜ ተነፈሰ...

ሸራዎቹ አበጡ።

አቀፍኩት። ሰውነቱ ቀዝቅዟል፤ የባሕር ጨው ይሸታል።

"ደህና ነህ?"

"ባሕሩ በየት በኩል ነው?"

"ምን?"

"ባሕሩ፣ ኢልሀም።"

በሙሉ ስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

የአምቡላንሱ ሰዎች መጥተው ቼክ አደረጉት። ኦክስጅኑ ጥሩ፣ ልቡ ጥሩ። "ጭንቀት ይሆናል" ብለው ሄዱ። ወደ ቤቴ ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲህ አልተቀመጠም። ባዶ እግሩን በሩ ሥር ይቆማል፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። እኔ በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ከአትላንታ እስከ ባሕር በመኪና የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ እሱ ግን በእግሩም ቢሆን ይሄዳል።

ሚስተር ሩስላን ስልክ አያነሱም።

ዛሬ ጠዋት በእሱና በበሩ መካከል ገብቼ ቆምኩ። አልገፋኝም፣ አልተቆጣም። ዝም ብሎ ተደገፈብኝ። ክብደቱ የሰው አይደለም።

"ሉቅ፣ እኔ ነኝ። እህትህ ነኝ።"

የሆነ ነገር ሲንሲያጠጥ ሰማሁ... እንደተወጠረ ገመድ። ከደረቱ ውስጥ ነው።

ሸሚዙን ገለጥኩት። እምብርቱ በነበረበት ቦታ ትንሽ፣ ክብ ቀዳዳ አለ። ደም የለውም።

በጣቴ ነካሁት።

ጣቴ ላይ የቀረው እርጥብ የእንጨት ብናኝ ነበር።