መንገድ የምታስለቅቅ ነጠላ

መርካቶ ለማንም መንገድ አይለቅም። ሙሽራ ሁን፣ ሚኒስትር ሁን፣ ፍራሽ የተሸከመው ሰውዬ «ዘወር በል» ብሎ ከገፋህ ገፋህ ነው፤ ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። ሠርኬ ግን ያን ሰሞን ሸማ ተራን አቋርጣ ወደ አባቷ የነጠላ ሱቅ ስትሄድ መንገዱ ይከፈትላት ነበር። ተሸካሚዎቹ ጠጋ ይሉላታል፣ ልብስ ሻጮቹ እጇን አይጎትቱም፣ ዋጋ እየጠሩ የሚጮኹት እንኳ እስክታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እናቷ እትዬ አልጋነሽ ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላም። ሠርኬ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነው የምትሄደው። ሐዘንተኛ መሆኗን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ማሙሸት ብቻ አላወቀም።

ማሙሸት ከሱቃቸው ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ ስልክ ይጠግናል። ወደዚያ ሠፈር ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። እናቱን ሳያውቅ አባቱ ለብቻቸው ያሳደጉት ልጅ ነውና ነጠላ እንዴት እንደሚለበስ የሚያሳየው ሴት በቤቱ አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ሲሄድም ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ በላፕቶፑ ጌም ይሠራል። ጌሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰውዬ የመርካቶን ቆርቆሮ ጣሪያ እየዘለለ ይሄዳል። ጠላቶቹ ፍራሽ የተሸከሙ ኩሊዎች፣ ጋሪ ገፊዎችና ደላሎች ናቸው። ከነኩት አለቀለት።

ከሠርኬ ጋር የተገናኙት የስልኳ መስታወት ተሰብሮባት ይዛለት ስትመጣ ነው። እስኪቀየርላት እንዳትሰለች ጌሙ ያለበትን ስልክ ሰጣት። ሦስት ጊዜ ተጫወተች፣ ሦስት ጊዜ ሞተች፣ ሦስቴም ጌሙን ሰደበችው፤ እሱ አቀርቅሮ ሳቀ። በአራተኛው ከጆንያ ክምር ላይ የተቀመጠች አንዲት ነጭ ነገር ዘልላ አነሳች።

ትንሹ ሰውዬ ነጠላ ለበሰ። ሊረግጡት ይሮጡ የነበሩት ኩሊዎች ወዲያው ቆሙ። ሸክማቸውን አወረዱ፤ ወደ ግድግዳው ተጠግተው አንገታቸውን ደፉ። ደላላው ኮፍያውን አወለቀ።

ሠርኬ ጣቷን ከስክሪኑ ላይ አነሳች። ነጠላው ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ አንገቱ ጋ ነው።

«ይቺን ከየት አመጣሃት?» አለችው።

ማሙሸት የያዘውን ብሎን ፈታ፣ መልሶ አጠበቀ።

«ካንቺ» አላት። «ጠዋት ጠዋት በመስኮት አይሻለሁ። ሲገፋፋ የነበረው ሰው ሁሉ አንቺ ስትመጪ ሌላ ሰው ይሆናል። ሰውን እንዲህ የምታደርግ ቆንጆ አይቼ አላውቅም። ምን እንደማደርገው ቢጨንቀኝ ጌሙ ውስጥ ከተትኩት።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን ሰባት ወር ሙሉ «አይዞሽ» እንጂ «ቆንጆ» ያላት ሰው አልነበረም። ዝም አለች። አቤት፣ ያቺ ዝምታ ስትጣፍጥ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንደ ሕልም አለፉ። የጌሙን ነጠላ ጥለት አሳምሬ ልሥራው ብሎ ከሱቃቸው ነጠላ ያስመጣታል። ምሳ ሰዓት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ክር ይቆጥራሉ፤ ለአንድ ክር ስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ቀይ። ቁጥሩ ሲጠፋባቸው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ ጉድ ነው፣ ቁጥሩም ቶሎ ቶሎ ይጠፋባቸው ነበር። ከአንዋር መስጊድ አዛን ሲሰማ ትነሳለች። አትሂጂ አይላትም፤ ዓይኑ ግን ደረጃውን እስክትጨርስ ይከተላታል። ሠፈርተኛውም እሱ የሚያውቅ እየመሰለው ስለ ሐዘኗ ያነሳለት የለም።

ብቻዋን ስትሆን ግን ፍርሃት ይይዛታል። የወደደው እኔን ነው ወይስ ሐዘኔን? ጥቁሩን ሳወልቅ መንገዱም ይዘጋል፣ እሱም ፊቱን ያዞራል እያለች ትሰጋለች።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ቄሶቹ ጸለዩ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፤ አክስቶቿም ጥቁሩን አስወልቀው ቢጫ ቀሚስ አለበሷት። በማግስቱ ሸማ ተራ ስትገባ ያወቃት የለም። አንዱ «ዘወር በይ እንጂ እህት» ብሎ በፍራሽ ትከሻዋን መታት፤ ሌላው ጃኬት ግዢኝ ብሎ እጇን ጎተታት። እንደምንም አልፋ የፎቁን ደረጃ ወጣች።

ማሙሸት ቀና ብሎ ቢጫውን ሲያይ ፊቱ በራ። ፈገግታውን ሳትጠግበው ነገረችው።

«ማሙሸት፣ መንገድ የሚለቁት ለኔ አልነበረም። ለእናቴ ነው። ነጠላ እንደዚያ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው። ዛሬ ተገፍቼ ነው የመጣሁት።»

ፈገግታው ጠፋ። «ሐዘንሽን መጫወቻ አደረግኩት» አለ፤ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ ብሎ ላፕቶፑን ሳበ። እጁን ያዘችው። እዚያ ውስጥ እንኳ እናቴን ያክብሩልኝ፣ ተወው አለችው። እስከዛሬ ያልነገረችውም መንገድ መለቀቁ ከቀረ አይወደኝም ብላ ፈርታ መሆኑን አልደበቀችም። መልስ ጠበቀች። እሱ ግን ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። ወርዳ ሄደች።

ሁለት ቀን ሙሉ የማሙሸት ሱቅ አልተከፈተም። ሠርኬ ቀይ ጥለት ሲጠይቋት ሰማያዊ ታወጣለች። አለቀ አለች በልቧ። እውነቱን ሰማ፣ ሄደ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ቤት ከአባቷ ጋር ተቀምጣ ሳለች በሩ ተንኳኳ። ማሙሸት ነው። ትከሻው የሰፋበት ጥቁር ኮት ለብሷል፤ የአባቱ መሆን አለበት። ሠርኬን ቀና ብሎም አላያት፤ በቀጥታ ወደ አባቷ ሄዶ እጅ ነሳ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ።

አባቷ ጋሽ ሰብሐት ግራ ገባቸው። ሙት ዓመት ከወጣ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ከተመለሰ በኋላ ለቅሶ የሚደርስ ማን ነው? የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፤ ነገራቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ እስከዛሬ የት ነበርክ?»

«ከሱቅዎ ፊት ለፊት ነበርኩ፣ ጋሼ። በየቀኑ ልጅዎን እያየሁ ሐዘኗን አላየሁም። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ለቅሶዬን ልድረስ ብዬ ነው።»

ሠርኬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጋሽ ሰብሐት መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ያንን ሰፊ ኮት፣ ከዚያ እንደገና እሷን አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ቁጭ በል» አሉት፣ በመደቡ ላይ ፈቀቅ እያሉለት። «አልጋነሽን አታውቃትም አይደል? ስለ እሷ ልንገርህ።»