ያልተቆጠረችው ጽዋ

ሻሊቫሃን በተባለው የሕንድ ዘመን አቆጣጠር 1681 ዓመት ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ፈረንጆች 1760 በሚሉት ዓመት በወርኃ መጋቢት፣ የክሪሽና ወንዝ ጎድሎ በዋይ ከተማ ያሉት የመታጠቢያ ደረጃዎች እስከ ታችኛው ድረስ ደርቀው ነበር፤ የማራታ ጦር መድፉንና ዝሆኑን፣ ሴቶቹንና ተሳላሚዎቹን አስከትሎ ወደ ዴልሂ ሊዘምት መነሣቱም በየደጁ ይወራ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ማለዳ፣ ወይዘሮ ጎዱባይ የልጅ ልጃቸውን ቪሳጂን ይዘው ወደ ኮከብ ቆጣሪው ወደ ናራሃር ጆሺ በረንዳ ወጡ። ባላቸውን በአንድ ዘመቻ፣ ልጃቸውን በሌላው አጥተዋል፤ እንደ መበለት ወግ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጌጣቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን በዚህ በሃያ ዓመት ጎልማሳ ላይ ተክለው ይኖራሉ። ሲያስነጥሰው ይደነግጣሉ፤ ሊታጠብ ወንዝ ሲወርድ እስኪመለስ ደረጃው ላይ ይቆማሉ። አሁን ደግሞ አንድ የጦር አለቃ በጸሐፊነት አብሮት እንዲዘምት ጠይቆታል፤ እርሱም እሺ ብሏል፤ ኮከቡ ሳይታይ ከዋይ የሚነሣ መንገደኛ የለምና የቀረው የጆሺ ቃል ብቻ ነው።

ጆሺ በሰሌዳው ላይ ቀይ አቧራ ነሰነሱና በሸንበቆ ጫፍ አሥራ ሁለቱን ቤቶች ሣሉ።

«መሪኅና ዙሐል» አሉ፤ «ሁለቱ ኩርፈኞች ከዋክብት በልደቱ ቀን ሸርጣን ላይ በአንድ ቤት ተገናኝተዋል። ግን ስንተኛ ቤት? ልጁ ሲወለድ በምሥራቅ ይወጣ የነበረው ጊንጡ አቅራብ ነው፤ ያውም ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። ከአቅራብ ሲቆጠር ሸርጣን ዘጠነኛ ነው፤ የአባትና የረጅም መንገድ ቤት። በአባቱ ላይ ያደረሱትን አድርሰዋል፤ የቀራቸው መንገዱ ነው። ይሂድ፤ በተቀደሰው በጋንጋ ወንዝ ታጥቦ ይመለሳል።»

«ሰሙ አያቴ?» አለ ቪሳጂ እየሳቀ። «የእርስዎንም ኀጢአት አብሬ አጥቤልዎት እመጣለሁ።»

«የእኔን ተወው፤ አንተ መጀመሪያ ጆሮህን ታጠብ» አሉት። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቁም፤ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። ቀጥለውም «ጆሺ፣ ያልቆጠርኳት አንዲት ጽዋ አለች» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በወሊድ ቀን አንዲት አሮጊት በምጥ ቤቱ ደጃፍ ትቀመጣለች፤ ከሥሯ የተበሳች የመዳብ ጽዋ በገንዳ ውሃ ላይ ታንሳፍፋለች፤ ጽዋዋ ሞልታ በሰጠመች ቁጥር አንሥታ መልሳ ታንሳፍፍና አንድ የሁመር ፍሬ ታስቀምጣለች። ቪሳጂ የተወለደበት ሰዓት የታወቀው ጎዱባይ ባስቀመጡት ፍሬ ነበር።

«እንዴት አልቆጠሩም?» አሉ ጆሺ።

«እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ጽዋዋ ከገንዳው ሥር ነበረች፤ አነሣኋት፤ ፍሬዋን ግን አላስቀመጥኩም።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ይዘው ተቀመጡ?»

«ባሌን አያውቁትም? ጽዋ ጠብቂ ተብላ የተኛች ሴት ቤት ታድር ነበር?»

ጆሺ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ስሙን ባወጣንለት ዕለት፣ አንዲት ጽዋ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ ኮከብ፣ ቀስተኛው ቀውስ፣ ይወጣ ነበር፤ ሁለቱም በስምንተኛው ቤት ይወድቁ ነበር፤ እንኳን ተረፈ ብዬ የነገርኩዎት እኔ ነኝ።»

«አልረሳሁትም። አፌን የዘጋኝ እርሱ ነው።»

«ስምንተኛው የሞት ቤት ነው፤ መሪኅ ብረት ነው፣ ዙሐል ሩቅ አገር፤ ሩቅ ሄዶ በብረት ይሞታል ማለት ነው። ይህን ከጻፍኩ አይፋቅም። በሳታራ ያለው የእጮኛው አባት ሳምንት ሳይሞላ ይሰማል፤ ሌላም ቢሆን ሴት ልጁን የሚሰጠው አይገኝም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። ይጻፉት።»

ቪሳጂ ከተቀመጠበት ተነሣ። ፊቱ ጠቁሯል። «አያቴ፣ ይብቃ። አያቱ ጉያዋ ደበቀችው ሊሉኝ ነው።»

«ይበሉህ። አንተ ሰምተህ ትቆጣለህ፤ እኔም ስትቆጣ እሰማሃለሁ።»

ጆሺ ከውስጥ በትንሽ ማድጋ የክሪሽናን ውሃ አምጥተው በአሮጊቷ መዳፍ ላይ አፈሰሱ። «ይህን ይዘው ይማሉ። በሐሰት የማለ ምን እንደሚያገኘው እርስዎን አላስተምርም።»

ውሃው በጣቶቻቸው መካከል ይንጠባጠብ ጀመር። ጎዱባይ ወንዙንም ሰሌዳውንም አላዩም፤ የቪሳጂን አንገት አዩ። «አንዲት ጽዋ አልቆጠርኩም» አሉ።

ሐሰት ነበር። ያን ቀን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ዓይናቸው አልተከደነም፤ አንዲትም ጽዋ አላመለጠቻቸውም። ጆሺም በልባቸው አላመኑም፤ ነገር ግን ውሃ ይዞ የማለን ሰው ሐሰተኛ ማለት ወጉ አይፈቅድላቸውም፤ ስለዚህ አቧራውን በመዳፋቸው ደመሰሱና ሁለቱን ከዋክብት በስምንተኛው ቤት ጻፉ።

በቪሳጂ ፈንታ የጎረቤታቸው የሳጉናባይ ልጅ ትሪምባክ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ሊነሣ ሲል የጎዱባይን እግር ነክቶ «እማማ፣ የቪሳጂን ዕድል እኔ በላሁት፤ ይመርቁኝ» አላቸው። መረቁት፤ ምርቃቱን ግን ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ።

በዓመቱ በጥር ወር ጦሩ በፓኒፓት ሜዳ አለቀ። ወሬው ከሰሜን እየተንጠባጠበ ደረሰ፤ የተመለሰም ተመለሰ፤ ትሪምባክ ግን አልመጣም። ሳጉናባይ አንድ ቀን በጎዱባይ ደጅ ቆማ «ለልጅ ልጅሽ ጽዋዋ ትዝ ስትልሽ፣ ለኔ ልጅ የሚሆን ምንም ትዝ አላለሽም?» አለቻቸው። ጎዱባይ ማድጋ አንሥተው ወደ ወንዙ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ የሳጉናባይን ውሃ ከወንዝ የሚቀዱላት እርሳቸው ሆኑ፤ በሐሰት የያዙት ውሃ ፍርድም በቪሳጂ ላይ እንዳይወርድ እየፈሩ ኖረው እየፈሩ ሞቱ።

ቪሳጂ ሳያገባ፣ የቤተ መቅደስ መጻሕፍት ሲገለብጥ ሰማንያ ዓመት ደፈነ። ታሪክ ጸሐፊዎች የፓኒፓትን ቀን፣ የመሳፍንቱን ስም፣ የመድፉን ብዛት ጽፈዋል፤ የትሪምባክን ስም የጻፈ የለም። የቪሳጂ የልደት ሰሌዳ ግን በጆሺ ቤት ተቀምጦ ለልጅ ልጅ ተላለፈ፤ የኋለኞቹ ኮከብ ቆጣሪዎችም በደቀ መዝሙሮቻቸው ፊት እየዘረጉት፣ መሪኅና ዙሐል በስምንተኛው ቤት ተገናኝተው ሳለ ይህ ሰው ስለ ምን ሰማንያ ዓመት ኖረ እያሉ፣ ምክንያቱን ከከዋክብት መካከል ብዙ ዘመን ፈለጉ።